አደራ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ፦ በዕለት ኑሮ ለእግዚአብሔር ጸጋ ራስን መስጠት

የአልጋ ጠባቂ
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ መድረክ ከአንድ ዓመት በላይ የሌሎችን ጽሑፍ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጽፈው፣ ትናንት የገጠመኝ ነገር ከትንሽነቱ ጋር የማይመጣጠን ጭንቀት ስላሳደረብኝ ነው። የምኖረው ጅማ ነው። ከከተማው ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ ግቢ እሸት ቡና ከገበሬ እየገዛሁ፣ አድርቄ ጀንፈሉን እሸጣለሁ። ሥራውን ለማታውቁት ለማስረዳት ያህል፣ ቀዩ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል። («ተሰጥቶ» የሚለው ቃል ለተሰጣ ቡናም ለተሰጠ ስጦታም አንድ ዓይነት የሚጻፍ መሆኑን ልብ ያልኩት አሁን ስጽፈው ነው።) ቀን ቀን በየጊዜው ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ ሲወርድ በላስቲክ ይሸፈናል። ግማሽ የደረቀ ቡና ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ ሲሻግት ደረጃው ይወርዳል፣ የአንድ ሰሞን ድካምም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል።

ትናንት እሑድ ሰባኪያችን «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፣ ወደ እኔ ኑ» በሚለው በማቴዎስ 11፥28 ላይ እያስተማረ ሳለ የቆርቆሮው ጣሪያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰባኪው «ሸክምህን ጣል» ባለበት ቅጽበት እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ በሰው ጉልበት መካከል እየተሽሎከለኩ ወጣሁ። ሲያየኝ አይቼዋለሁ። ባጃጅ ይዤ ስበር ግቢዬ ስደርስ ግን አልጋዎቹ በሙሉ ተሸፍነው፣ የላስቲኩ ጠርዝ በድንጋይ ተጭኖ አገኘሁት። የጎረቤቴ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ሠራተኛዬ ከሆነው ልጅ ጋር ሆነው ከእኔ ቀድመው ጨርሰውታል። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አመስግኜ እንደ መግባት የአንዱን አልጋ ላስቲክ ጫፍ ገልጬ እንደገና አስተካክዬ ሸፈንኩት። ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ሐጂ ዝም ብለው አይተውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ «ቡናውም ቤቱም ልጆቹም በእጅህ ናቸው» እላለሁ፤ ከጉልበቴ ስነሣ ግን አንድ በአንድ ለቅሜ ይዣቸው እወጣለሁ። ለጸጋ እጅ መስጠት ሲባል ዘወትር እሰማለሁ፤ ትርጉሙ ዝናብ ሲመጣ ቁጭ ብሎ መስማት ነው? ካልሆነስ በሩጫዬ ውስጥ ጥፋት የሆነው የቱ ጋ ነው? ጥፋት ከሌለውስ ለምን እንዲህ አሳፈረኝ? መምከር የምትችሉ እባካችሁ ምከሩኝ።


ጡረተኛዋ መምህርት
ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልጄ ብዬ ብጠራህ አትቀየመኝ፤ አማርኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና ዕድሜህ ምንም ቢሆን ተማሪዬ ትመስለኛለህ። እንደ ልማዴ ከቃሉ ልነሣ።

«እጅ መስጠት» በቋንቋችን የተሸነፈ ወታደር ተግባር ነው። መሣሪያውን አስረክቦ እጁን ያነሣ ሰው ከማረከው ጋር ፍቅር የለውም፤ ጉልበት ስላጣ ብቻ ይቆማል፤ ልቡ ግን ማምለጫ ሲፈልግ ያድራል። አንተ በየጠዋቱ የምታደርገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ተንበርክከህ ትማረካለህ፣ ከቤትህ ደጃፍ ስትደርስ ታመልጣለህ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ሌላ ቃል አለው፤ «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፣ በእርሱም ታመን፣ እርሱም ያደርግልሃል» ይላል። እናንተ መዝሙር 37 የምትሉት፣ በግእዙ ዳዊት 36ኛው ነው።

አደራ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቢሆንም ስለምናውቀው ረስተነዋል። ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ቁልፉን፣ ከብቱን፣ አንዳንዴም ልጁን ጎረቤት ዘንድ አደራ ይተዋል። የተወው ነገር የእርሱ መሆኑ አይቀርም፤ መውደዱም አይቀንስም፤ መጠበቁ ብቻ ከእርሱ እጅ ወደ ሌላ እጅ ይሻገራል። ተቀባዩ ደግሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታስሯል፤ በአገራችን «አደራ በላ» ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። «ሰማይ ሩቅ ነው፣ አደራ ጥብቅ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። በዳዊቱ ቃል ግን የሰማዩ ራሱ አደራ ተቀባይ ሆኖ ቀርቧል።

አሁን የላስቲኩን ነገር ልንገርህ። አደራ ሰጥቶ በየሰዓቱ እየተመለሰ «ልቁጠረው» የሚል ሰው ተቀባዩን ምን እያለው ነው? የሐጂን ዝምታ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። መሮጥህ አላስቀየማቸውም፤ ላስቲኩን መግለጥህ እንጂ። ስለዚህ ያሳፈረህ ሩጫው አይመስለኝም።


የሮሜ አንባቢ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡05

የመምህርት አስተያየት መልካም ነው፤ እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ ጽሑፉን ሲጨርስ «ለምን አሳፈረኝ» ብሎ ይጠይቃል። ያሳፈረው፣ ራስን መስጠትን ራሱን እንደ ፈተና ስለሚቆጥረውና እንደ ወደቀ ስለተሰማው ይሆናል። እኛ ወንጌላውያን «በጸጋ ድነናል» ብለን ከሥራ ሕግ ከወጣን በኋላ፣ «በሚገባ ራስህን ሰጥተሃል?» የሚል አዲስ ሕግ በጓሮ በር እናስገባለን። ከዚያም ምን ያህል እንደተውን፣ ምን ያህል እንዳረፍን እንለካለን፤ የሚለካ ዕረፍት ግን ድካም ነው።

ኤፌሶን 2፥8 መዳናችን «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል። ስጦታው በተቀባዩ እጅ ጥራት አይመዘንም። ወንድሜ ከስብከቱ መካከል ተነሥቶ የሮጠውን ሰው ጸጋው ቀድሞት ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ላስቲክ ይዞ! ያ ሰው እምነቱ ሞልቶ ስለተገኘ አይደለም የተሸፈነለት።


ዘአወቱ
ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡30

የሮሜ አንባቢ የጻፈውን በአክብሮት አነበብኩ፤ አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ግን ተቀባዩን ፈጽሞ ሥራ ፈት እንዳናደርገው እሰጋለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ካለ በኋላ ወዲያው መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና ብሎ ይቀጥላል (2፥12-13)። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች «ነውና» ያያይዛቸዋል። እግዚአብሔር ስለሚሠራ ተቀመጡ አላለም፤ ስለሚሠራ ሥሩ አለ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10ም ከሁሉ ይልቅ እንደደከመ ይናገርና፣ ወዲያው ግን እኔ ሳልሆን ከእኔ ጋር ያለው ጸጋ ነው ይላል። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ጾሙም ስግደቱም የሚታየው በዚህ መንገድ ነው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይገባል፤ የምንጾመው ጸጋን ለመግዛት አይደለም፤ በጨበጡት እጅ መቀበል ስለማይቻል እጃችንን ለማስፈታት ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ስንል እግዚአብሔር በአርባኛው አልሰማ ብሎ አይደለም፤ የደነደነው የእኛ ልብ ነው፤ የእኔ አንዳንዴ በ41ም አይለሰልስም።

መምህርት በጠቀሱት መዝሙር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ያ ቃል «መንገድህን ለእግዚአብሔር ግለጥ» የሚል ነው። አደራ ከመስጠት በፊት መግለጥ አለ ማለት ነው። የተሸፈነ ዕቃ ይዞ «ውስጡን ሳታይ ጠብቅልኝ» የሚል ሰው አደራ አልሰጠም፤ ደበቀ እንጂ። የአልጋ ጠባቂ ሆይ፣ በጸሎትህ «ቡናው በእጅህ ነው» ከማለት አስቀድመህ «ቡናው ከተበላሸ የተበደርኩትን የምከፍልበት የለኝም፣ ሚስቴ ፊት መቅረብ እፈራለሁ» ብለህ ታውቃለህ? በግምት ነው የምናገረው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። እኛ ይህን ለንስሐ አባት እንናገራለን፤ እናንተ ለማን እንደምትናገሩ አላውቅም፤ ግን ለአንድ ሰው ተናገረው።


ጎንዳዩ
ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ከምሽቱ 4፡50

እኔ በግብርና ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሥነ መለኮቱን ለሚያውቁት ትቼ ስለማውቀው ስለ ቡና ልናገር። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በየዓመቱ አርሶ አደር የማከራክርበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ጉንደላ ይባላል። ቡና ሲያረጅ ቅርንጫፉ ይረዝማል፣ ፍሬው ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ ምርቱም ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ መቁረጥ ነው፤ ያውም አግድም ሳይሆን አሰያፎ፣ ውኃ ተቋጥሮበት እንዳያበሰብሰው። ከዚያ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ከመካከላቸው ጠንካራዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ተመርጠው ሌላው ይነቀላል። ሥሩ የድሮው ነው፤ ዛፉ ግን አዲስ ይሆናል።

ይህን ለገበሬው ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል። እውነት መሆኑን ያውቃል፤ የሚይዘው ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ዛፍ ምንም አለማግኘቱ ነው። ያረጀው ቡና ጥቂት ቢሆንም ይሰጣል፤ ያቺን ጥቂት ትቶ ያልታየውን መጠበቅ ይከብደዋል። አባቱ የተከለው ከሆነ ደግሞ መጥረቢያውን ማንሣት እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። አንድ አዛውንት «አንተ ደመወዝተኛ ነህ፣ ሁለት ዓመት መጠበቅ ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» ብለው አፌን አስይዘውኛል። እውነታቸውን ነበር።

ጌታ በዮሐንስ 15 ፍሬ የሚያፈራውን ቅርንጫፍ አብዝቶ እንዲያፈራ ያጠራዋል ሲል ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ለጸጋ ራስን መስጠት ያስፈራን፣ በመካከል ያለው ባዶ ዓመት ነው። ቂሜን ብተው ቂሜ ያስከበረልኝን ነገር አጣለሁ፤ ተንኮሌን ብተው በንግዱ እስክቋቋም እከስራለሁ፤ ቁጥጥሬን ብተው ... ይህን የአልጋ ጠባቂ ይጨርሰው።

ግን ሙያችን አንድ ምሕረት ያለበት ምክር አለው። ማሳህን በሙሉ በአንድ ዓመት አትጎንድል እንላለን፤ ከፋፍለህ፣ ዘንድሮ ይህን መስመር፣ ለከርሞ ያንን፣ በመካከሉ ቤተሰብህ እንዳይራብ። ስለዚህ «ሕይወቴን በሙሉ ሰጠሁ» በሚል አንድ ትልቅ ጸሎት ምትክ፣ በዚህ ሳምንት አንድ መስመር መጎንደል የሚበቃ ይመስለኛል። ሰባኪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም፤ እኔ ግን በአንድ ቀን ሙሉ ማሳውን ጎንድሎ ተስፋ ቆርጦ የሸጠ ሰው አይቻለሁ።


የሌሊት ተረኛ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 1፡20

ነርስ ነኝ፤ ከሌሊት ተራ ወጥቼ ነው የምጽፈውና ባሳጥር ይቅርታ አድርጉልኝ። እባካችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ ስትጽፉ የሚያነብባችሁ ሰው መድኃኒት በኪሱ ይዞ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት፣ አንድ ሰው «በጸጋው ታመን» ስላለው ክኒኑን አቋርጦ ራሱን ስቶ መጥቶልናል። የነገረውን ሰው አላውቀውም፤ በቅን ልብ እንደነገረው ግን አልጠራጠርም፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

ለእኔ ነገሩ የሚለየው እንዲህ ነው። መርፌው በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ ያ የእኔ ነው፤ ያንን «ለእግዚአብሔር ትቻለሁ» ብል ስንፍናዬን ነው የቀደስኩት። መርፌው ሠርቶ ሕፃኑ ማደሩ ግን የእኔ አይደለም። ይህን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቀደም ሲል ተረኛ ሆኜ ሕፃን ሲሞትብኝ ቤቴ ሄጄ እያንዳንዱን ደቂቃ እቆጥር ነበር። አሁንም አለቅሳለሁ፤ ስቆጥር ግን አላድርም።


ስም የለሽ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ ለምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የጋራ ቤታችንን ኪራይ ወንድሙ ይሰበስባል፤ ለእኔና ለሁለት ልጆቼ የሚደርሰን እርሱ ሲፈልግ ብቻ ነው። ለሽማግሌዎች ነገርኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ነገርኩ። ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለእግዚአብሔር ስጪው፣ ጸጋው ይበቃሻል» ይሉኛል። እርሱንስ አንድ ሰው «ኪራዩን ለእግዚአብሔር ስጠው» ብሎት ያውቃል? ይህ ቃል ለምንድን ነው ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ የሚወርደው? ባለጠጋው ሲታመም «ለጸጋ ተገዛ» አይባልም፣ አዲስ አበባ ሐኪም ይፈለግለታል። ድሃና ሴት ስትበደል ግን ጸጋ ወዲያው ይታወሳል።

እኔ እግዚአብሔርን አልተውኩም። ግን ይህን ቃል ስሰማ አፌን ለማስዘጋት የተሰፋ ጨርቅ ይመስለኛል። መልስ ያለው ካለ እሰማለሁ።


ጡረተኛዋ መምህርት
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሽቱ 4፡00

እኅቴ፣ ዛሬ ከሚካኤል ንግሥ ደክሞኝ ገብቼ ልተኛ ነበር፤ የአንቺን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን አልቻልኩም። መጀመሪያ፣ ልክ ነሽ። ቃሉ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ሆኗል፤ እኔም ራሴ ለሰው እንዲህ ብዬ አውቃለሁና አፍሬአለሁ።

«ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለው ቃል ለማን እንደተነገረ እናስታውስ። ለጳውሎስ ነው፤ የተነገረውም ሦስት ጊዜ ከለመነ በኋላ ከጌታ ከራሱ ነው እንጂ፣ እርሱን ዝም ለማሰኘት ከፈለጉ ሽማግሌዎች አይደለም (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። ይኸው ጳውሎስ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 25 ሮማዊው ገዢ ፊስጦስ ለጠላቶቹ ሊያሳልፈው ሲያመቻች «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ። ሮማዊ መሆኑን ጠቅሶ ያለ ፍርድ መገረፍን የተቃወመም እርሱ ነው። ሥጋው ላይ ላለው መውጊያ ለጸጋው ተገዛ፤ ለዳኛው ማዳላት ግን ይግባኝ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ እምነት ነው። ጌታም ሞቱን ሲቀበል ነፍሱን በፈቃዱ እንደሚያኖራትና ማንም እንደማይወስዳት ተናግሯል። በፈቃድ የሚሰጥና በጉልበት የሚወሰድ አንድ አይደሉም። አንቺ የተወሰደብሽን ነው እንጂ የሰጠሽው ነገር የለም።

ስለዚህ መብትሽን በፍርድ ቤት ጠይቂ። ለእግዚአብሔር አደራ የምትሰጪው ነገር ካለ፣ ያ ሰው ላይ ያለሽን ንዴት ነው፤ እርሱንም ዛሬ አልልሽም። ሲደርስ ይደርሳል። ማመልከቻ የምታጽፊበት ካላገኘሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ።


የሶዶ ልጅ
ዓርብ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡25

ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ነው፤ አሁን በሥራ ምክንያት ጅማ እኖራለሁ። ከዚህ ከተማ ስም ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ ጅማ ውስጥ ላሉ ምእመናን ስነግራቸው ብዙዎቹ አያውቁትም።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሯቸው፣ የሱዳን ውስጥ ሚስዮን (SIM) የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር መልእክተኞች ከአዲስ አበባ በበቅሎ ሲነሡ መዳረሻቸው ጅማ ነበር። ጸልየውበታል፣ ስንቅ ሰንቀውበታል። ጅማ ግን አልደረሱም። መንገዱ ወደ ደቡብ ወሰዳቸው፤ የየአካባቢው ገዢዎችም እዚያው እንዲቀመጡ ስለፈቀዱላቸው በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳማ ቀሩ። ያኔ የጉዟቸውን ሒሳብ ለሚጠይቅ ሰው ነገሩ ያልተሳካ ዕቅድ ነው። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን ከሶዶ ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። አያቶቻችን ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ አሥር ሺህ ገደማ አማኝ ጠብቋቸዋል።

ይህን ታሪክ ሰባኪዎች ሲናገሩት «አየህ፣ ዕቅድህ ሲፈርስ የተሻለ ይመጣል» ብለው ይዘጉታል። እኔ እንደዚያ አልሰማውም። በእስር የሞቱት አሥሩን ሺህ አላዩም። ሚስዮናውያኑም ከሶዶ ሲወጡ እንባ እንጂ ቁጥር አልያዙም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ሥራው ያደገው እነርሱ በሌሉበት ዓመታት ነው። የደከሙበት ነገር ያለ እነርሱ መኖር እንደሚችል ማወቅ ለአንዳንድ ሰው ደስታ ነው፤ ለአንዳንዱ ስድብ ነው። የአልጋ ጠባቂ ላስቲኩን የገለጠው፣ አልጋው ያለ እርሱ በሚገባ ተሸፍኖ በማግኘቱ ይሆን? እኔም አለቃ ሆኜ በሠራሁበት ቦታ ይህ ስሜት ነበረኝ፤ ስለዚህ አልፈርድበትም።


የአልጋ ጠባቂ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሶዶ ልጅ፣ የጻፍከውን ሳነብ ብቻዬን ብሆንም ፊቴ ቀላ። ዘአወቱ ደግሞ ስለ ብድሩ በግምት የተናገርከው ትክክል ነው፤ ባለፈው ዓመት ዝናብ ያበላሸብኝን ለመሸፈን ተበድሬአለሁ፤ መጠኑን ባለቤቴ አታውቅም ነበር። «ነበር» የምለው ረቡዕ ሌሊት ስለነገርኳት ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ እኮ ከዚህ የባሰ ነገር መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እስካሁን አልታረቅንም፤ ግን አብረን እያሰላን ነው።

ትናንት ዓርብ ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ጠብቄ ቡና ጠጡልኝ ብዬ አስገባኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የላስቲኩን ነገር ረስተውት ወይም የረሱ መስለው «የቱን?» አሉኝ። ያን ቀን እንዴት ሊሸፍኑልኝ እንደተነሡ ስጠይቃቸው ገረማቸው። «እሑድ ጠዋት ስትወጣ አደራ ብለኸኝ የለ?» አሉኝ።

እውነት ነው። በበር ስወጣ «ሐጂ፣ አደራ፣ ልጁን ይዩልኝ» ብያለሁ። እንደ ሰላምታ ነበር ያልኩት፤ ካፌ ሲወጣ ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። እርሳቸው ግን ሰምተውት፣ ደመናው ሲጠቁር ምርኩዛቸውን ጥለው መጥተዋል። «ዝናቡን አላህ ነው ያመጣው፣ እኔ አላቆመውም፤ ላስቲክ መዘርጋት ግን አያቅተኝም» ብለው ሳቁ። የሃይማኖታቸው ስም ራሱ «መገዛት» የሚል ትርጉም እንዳለው ሰምቼ አውቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን እኔ የጠፋኝን ጥያቄ እርሳቸው እንደ ጥያቄም አልቆጠሩትም።

ጎንዳዩ ያልጨረሰውን ዐረፍተ ነገር እንድጨርስ ጠይቆኛል። ቁጥጥሬን ብተው ልጁ ሥራውን ከእኔ የተሻለ እንደሚችል ይታወቃል፤ የፈራሁት ይህን ነበር። ዛሬ ለሙከራ አንድ መስመር ጎነደልኩ፤ ወደ ጅማ መርካቶ ለዕቃ ግዢ ወጥቼ ለልጁ ሁለት ጊዜ ብቻ ደወልኩ። ከዚህ በፊት ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ጥሪ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ አውቃለሁ። ነገ እሑድ ነው፤ ከጅሬን ኮረብታ በኩል ሰማዩ አሁን ከብዷል። ስብከቱ ላይ የምቀመጠው ከበሩ ርቄ፣ መካከል ላይ ነው።


ስም የለሽ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህርት፣ የላኩልኝን መልእክት አይቻለሁ። ማመልከቻው ተጽፏል፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንም ከሣጥን አግኝቼዋለሁ። የማስገባው ሰኞ ነው። ፍርድ ቤት ብቻዬን መግባት ግን አስፈርቶኛል፤ የባለቤቴ ወንድም ብዙ ሰው ያውቃል። በዚህ መድረክ ላይ የተናገርኩት በቁጣ ነበር፤ አሁን ቁጣው ቀንሶ ፍርሃቱ ብቻ ቀርቷል።


ጡረተኛዋ መምህርት
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡50

ጾሙ ነገ ይገባል፤ ሰኞ እኔ ቁርስ የለኝምና በጠዋት ለመነሣት አልቸገርም። 2፡30 ላይ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ። ነጭ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዣለሁ። የወረቀቶችሽን ኮፒ ሁለት ሁለት አድርገሽ ያዢ፤ ዋናውን ለማንም አትስጪ።